የተጠሪው ስም

የተላከላትን የኮድ ለውጥ ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችው። «ከመስመሩ መጨረሻ አንድ ባዶ ቦታ ተርፏል፤ አስተካክለህ ላክ» ብላ ጻፈች። ለባዶ ቦታ ሰው አይመላለስም፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

ሥራው የአንድ ዋይፋይ ካርድ ድራይቨር፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ሰዎች ያሻሻሉትን ይልካሉ፤ እሷ አንብባ ደህናውን ታጸድቃለች። ሥራውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ የድራይቨሩ ተጠሪ ነበር። ከሞተ ሰባት ወሩ። አሁን የተላከው ለውጥ የሱን ስም ከተጠሪዎች ዝርዝር የሚያወጣ ነው።

ስሙ እዚያ እስካለ ስለ ድራይቨሩ የሚጻፍ ኢሜይል ሁሉ ግልባጩ ለሱም ይደርሳል። ስልኩን ደግሞ እናታቸው ከአልጋዋ አጠገብ ቻርጀር ላይ እንደሰካችው ነው። ጢን ባለ ቁጥር ቀና ትልና፣ «ይኸው! ልጄን ዛሬም አላሳረፉትም» ትላለች። ከቀብሩ ወዲህ ፊቷ የሚፈታው ያኔ ብቻ ነው።

ለውጡ ለአራተኛ ጊዜ ተስተካክሎ መጣ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ለሥራው አዲስ ነኝ» ይላል ላኪው። «ካልቻልኩበት ንገሪኝና ልተወው። ስማቸው ይውጣ ያልኩት፣ የአንድ ክሊኒክ ባለሙያ ዋይፋዩ እየተቋረጠበት ሦስት ጊዜ ጽፎላቸው መልስ ስላጣ ነው። ሰውዬው ኮርተው መሰለኝ።»

ኮርተው የምትለዋን ቃል ደግማ አነበበች። ተነስታ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። እናቷ ልብስ ታጣጥፋለች።

«እማዬ፣ ስሙን ከሥራው ላይ ላወጣው ነው። ከእንግዲህ ስልኩ አይጮህም።»

የእናቷ እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «ምን አደረጋቸው?»

«ምንም። ይጽፉለታል፤ መልስ ሲያጡ የኮራ መሰላቸው።»

«የኔ ልጅ? ለድመት መንገድ የሚለቀው?» ሸሚዙን አጥፋ አኖረች። «ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንቺን ብዬ ነዋ።»

«አንቺ ሞኝ፣ እኔ መቼ ይመልሳል አልኩ? ሂጂ፣ ሰው አታስጠብቂ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። «ተጠሪው ወንድሜ ነው፤ ሞቷል። የመጀመሪያው ለውጥህም ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የክሊኒኩን ጉዳይ ወደ እኔ ምራው» ብላ ጻፈችና አጸደቀችው።

ከወዲያኛው ክፍል ስልኩ ጢን አለ። የመጨረሻው ግልባጭ ነበር። እናቷ እንደ ወትሮው ትናገር እንደሆነ ጆሮዋን ጣል አደረገች። የሰማችው ግን ቻርጀሩ ከግድግዳው ሲነቀል፣ ከዚያም የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ብቻ ነው።