ንገራት፣ አባ እሺ

ባሌን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አባ እሺ ነው የሚለው። እምቢ የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ፍራሽና ትራስ እንሠራለን፤ እሱ ጥጡን በደጋን ይነድፋል፣ ታላቅ እህቱ እትዬ ትሞላለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ሦስታችንም የምንውለው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የደጋኑ ጅማት ድው፣ ድው ሲል ጥጡ ብን ይልና በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፀጉራችን ላይ፣ ቅንድባችን ላይ ያርፋል። ደንበኛ ሲመጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰው የተኛበት ቤት የገባ ይመስለዋል።

እኔና እትዬ አንነጋገርም። ለደንበኛ፣ ያውም እኔ እየሰማሁ፣ «የእሷ ስፌት አንድ ክረምት አያሻግርም» ብላለችና! ቂም መያዝ ደግሞ እችልበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ በአባ እሺ በኩል ሆነ። «ንገራት፣ መቀሱን ታቀብለኝ።» «ንገራት፣ መቀሱ አፍንጫዋ ስር ነው።» ልብ በሉ፣ በመሃላችን ያለችው አንዲት ጠረጴዛ ናት። እሱ ታዲያ ሳይሰለች፣ እሾሁን ነቅሎ፣ ማር ጨምሮበት ያደርሳል። «እባክሽ መቀሱን አቀብይኝ ትልሻለች» ይላታል። እኔ እባክሽ ብዬ አላውቅም!

በኋላ ልቡ ያለ ሥርዓት መምታት ጀመረች። አንዴ ትጋልባለች፣ አንዴ ትደናቀፋለች። ሐኪሙ የልብ ምት የሚያስተካክል እንክብል አዘዘለት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጠርሙሱን ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች አስረዳችኝ። ሰዓቱን ጠብቆ ይውሰድ፣ ቢረሳ ላካክስ ብሎ እንዳይደርብ፣ ተሻለኝ ብሎም በራሱ እንዳያቆም፣ ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ይጠይቀን አለች። «ካዞረው፣ ወይ ምቱ በጣም ከቀነሰ፣ ወይ ከታዘዘው በላይ ከወሰደ፣ ያልፍለታል ብላችሁ አትቀመጡ። መድኃኒቱን ይዛችሁ ወዲያው ኑ።» አደራዋን ተቀበልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ገና ዓይኑን ሲገልጥ እንክብልና ውሃ ይዤ ራስጌው ቆሜ ያገኘኛል።

አንድ ሰሞን የፍራሽ ጨርቅ ልገዛ ሩቅ ሄጄ አደርኩ። ስወጣ «ንገራት፣ እስክመለስ መድኃኒቱን እሷ ትስጥህ» አልኩት። ስመለስ ሥራዬን ቀጠልኩ። እትዬም የጀመረችውን አላቆመችም፤ ማን አቁሚ ይበላት? እኔ አልጋው ላይ ሰጥቼው ወደ ጓዳ ስገባ፣ እሷ ደግሞ ደጋኑ አጠገብ ትሰጠዋለች። ማታም እንደዚያው። እኔ የእሷን አላውቅም፣ እሷ የእኔን አታውቅም።

እነዚያ ቀናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምሩ ነበር። ደጋኑ ቀስ አለ። አንዱ ድው ብሎ ሌላው ድው እስኪመጣ ክሬን ስቤ እጨርሳለሁ። አባ እሺ ወደ ላይ እያየ ለብቻው ፈገግ ይላል።

«ዛሬ ጥጡ መውረድ እምቢ አለ» አለኝ አንዴ።

«አንተ የማታውቀውን ቃል ጥጡ ተማረ?» ብዬ ሳቅሁበት።

ሌላ ቀን ደግሞ «ቤቱ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ድምፃችሁ ከሩቅ ነው የሚመጣው» አለ። ድካም ነው አልኩ። እትዬም «ንገራት፣ ትንሽ ታስተኛው» አለች። አስተኛሁት። አዲስ በሞላነው ፍራሽ ላይ፣ ጥጥ ሽፋሽፍቱ ላይ እንዳረፈ፣ ሕፃን መስሎ ተኛ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ የትራስ ጠርዝ እየሰፋሁ አየሁት፤ ምነው ሁልጊዜ እንዲህ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ሞኝ!

አንድ ረፋድ ላይ ደጋኑ ጭራሽ ዝም አለ። ቀና ስል አባ እሺ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ፊቱ የነደፈውን ጥጥ መስሏል፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። እትዬ ከማዶ ብድግ አለች።

«ንገራት» አለችው፣ «ውሃ ታምጣልህ።»

«ንገራት፣ መስኮቱን ትክፈተው» አልኩት እኔ።

ሁለታችንም አፍ አፉን እናያለን። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። ጥጡ ምንም እንዳልተፈጠረ በመሃላችን ይወርዳል። እጁን ይዤ ምቱን ፈለግሁ። አንዴ መታ። ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። እሱ ከሞተብኝ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም፤ ይህችም ሴት የሚያናግራት የላትም።

«እትዬ!» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። «ዛሬ መድኃኒት ሰጥተሽዋል?»

«አዎ፣ ጠዋት። እንደ ሁልጊዜው።»

«እኔም ሰጥቼዋለሁ።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች። «ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

ወተት ላጠጣው ብላ ወደ ጓዳ ዞረች። «ተይ፣ ምንም አታቅምሺው! አምቡላንስ ጥሪ!» ብዬ ጮህኩባት። እሺ አለች፤ እትዬ እሺ አለችኝ። እሷ ስትደውል እኔ ትራስ አንተርሼ አስተኛሁትና ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አነሣሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቡን ምት ከሚያሳይ መሣሪያ ጋር አያያዙት። ሐኪሙ ጠርሙሱን ተቀብሎ «ማነው የሚሰጠው?» ሲል «ሁለታችንም» አልን በአንድ አፍ። ከእነጥጣችን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እትዬ እጄን ያዘች፤ እኔም አላስለቀቅኋትም። መሣሪያው ላይ አንዲት ብርሃን ብቅ ትልና ትጠፋለች፤ ደግሞ ብቅ እስክትል ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

በማግስቱ ምቱ ተስተካከለ፤ ፊቱም ሰው መሰለ። ያን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። «አንተ ሰው! ከሁለታችንም ስትቀበል ለምን ዝም አልክ? እምቢ ማለት እንዲህ ይከብዳል?»

«ሐኪሙ የጨመረልኝ መስሎኝ ነው» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። አንቺም ሰጠሽኝ፣ እሷም ሰጠችኝ። ተነጋግራችሁ መስሎኝ። እኔ ሳላይ ታርቀዋል አልኩ በሆዴ። እንዳላበላሸው ፈርቼ ዝም አልኩ። ደስ እያለኝ ነው የዋጥኩት።»

እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔማ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ስንወጣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ የየቀኑ ጠዋትና ማታ የተከፋፈለበት የፕላስቲክ ሣጥን ሰጠችን። «አንድ ሰው ብቻ ይሙላው። ክፍሏ ባዶ ከሆነች ወስዷል ማለት ነው፤ መጠያየቅም አያስፈልግም» አለች። የምሞላው እኔ ነኝ፤ የሚውጠው እሱ ራሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደጋኑ እንደ ድሮው ድው፣ ድው ይላል። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። የዛሬ ጠዋት ክፍል ባዶ መሆኗን ገና ስገባ አይቻለሁ፤ እትዬም አይታለች። መርፌዬ ላይ ክር አስገብቼ ቀና አልኩ።

«እትዬ፣ ወስዷል?»

«ወስዷል» አለች፣ ጥጥ እየጠቀጠቀች። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ሥራዬን አየችው። «አንቺ ግን ያንን ጠርዝ ድገሚው። አንድ ክረምት አያሻግርም።»

አባ እሺ ደጋኑን አቁሞ፣ ለእኔ ሊያደርስ አፉን ከፍቶ ነበር። የሚያደርሰው እንደሌለ ሲገባው መልሶ ገጠመው።