ባዶ ባልዲ

ፈረስ መግራት እንጀራዬ ነው፤ የገዛ ልጄ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። አስተማሪዋ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ክፍል ውስጥ እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እስከ ዓርብ ካልተናገረች ለከርሞ ትምጣ።» ዛሬ ዓርብ ነው።

ጠዋት ጋጣው ውስጥ ባሌ ጉድ ሠራ። ውርንጭላዋ አንገት ላይ ገመድ ሊያስገባ ፈልጎ ባዶ ባልዲ አንኳኳላት። ገብስ መስሏት መጣች፤ አፏን ብትከት ምንም የለም። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠጋት!

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» ጮህኩበት። «ከዋሸሃት በኋላ ምን ልታስተምራት ነው?»

«ኧረ ውርንጭላ ናት እኮ!»

ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ሁሉንም ታይ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። አስተማሪዋ ጠጋ ብላ፣ «ዘወር ስትል ሹልክ በይ፤ ትለምደዋለች» አለችኝ። ልጄን «እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም» አልኳትና ፊቷን ስታዞር እንደ ሌባ ሹልክ አልኩ።

ጋጣው ውስጥ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ገብስ የሞላ ባልዲ አጠገቤ አድርጌ፣ ለውርንጭላዋ ጀርባዬን ሰጥቼ መሬት ተቀመጥኩ። መጥራት የለም፣ መጠበቅ ብቻ። ዓይኔ ግን ከስልኬ አይነቀልም። የውርንጭላዋ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ሲሰማኝ ስልኩ ጮኸ።

«በሩ ሥር ተቀምጣለች» አለች አስተማሪዋ። «ምንም ብንላት አልነሳ አለች።»

እየበረርኩ ደረስኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺም ባዶ ባልዲ ነው ያሳየሽኝ» አለች በሹክሹክታ።

ክው አልኩ። ባሌ ላይ የጮህኩት ሁሉ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። ተንበረከክሁ።

«ልክ ነሽ፣ የኔ እናት። አሁን ልሄድ ነው፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ደወል ሲደወል እዚያች ዛፍ ሥር ታገኚኛለሽ።»

«ብትቀሪስ?»

«አልቀርም።»

እያለቀሰች፣ ዞራ ዞራ እያየችኝ ገባች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ተመለስኩ ከተባለ። መንገዱ ቢዘጋስ? መኪናው ቢቆምስ? ከደወሉ ብዙ ቀድሜ መጥቼ ዛፏ ሥር ተገተርኩ።

«እትዬ፣ ዛፉን ማን ይወስድብሻል?» አለኝ ዘበኛው።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ፤ የኔዋ የለችም። በመጨረሻ የአስተማሪዋን ጣት ይዛ ብቅ አለች። ዛፏን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የአስተማሪዋን እጅ ሳብ አደረገች።

«ቲቸር» አለች ጮክ ብላ፣ «እመጣለሁ ብላኝ ነበር። መጣች።»