የክሊርፎርክ ቆብ

ቬርላ ኦስትቦ ደብዳቤውን የለጠፈችው ስታዲየሙ ጓሮ የተደረደሩት የፕላስቲክ ሽንት ቤቶች በር ላይ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገባውማ!

ደብዳቤው የመጣው ከስምንቱ የባሕር ጠረፍ ዩኒቨርሲቲዎች ከአንዱ ፕሬዚዳንት ነው። እነዚህ ሰዎች ሰማንያ ዓመት ሙሉ ከሃርላን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በአንድ ሊግ የአሜሪካ ፉትቦል ሲጫወቱ ኖሩ። አንድ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች ጠቀስ ቢያደርጓቸው ጊዜ ስምንቱም ብድግ አሉና አገር ምድሩን አቋርጠው ሌላኛው ውቅያኖስ ዳር ያለ ሀብታም ሊግ ገቡ። ሃርላንን ማንም አልጠቀሳትም። ምን ሊያደርጓት? ከሰው ይልቅ የስንዴ ጎተራ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ማን ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ያያታል? ብቻ በነጋታው ደብዳቤ ላኩ። ወርቃማ ማኅተም ያለበት፣ ወረቀቱ እንደ ሠርግ ጥሪ የወፈረ ደብዳቤ።

"የተከበራችሁ ታሪካዊ ጎረቤቶቻችን" ይላል። "ይህ ለሁላችንም ከባድ ውሳኔ ነበር። የጋራ ትዝታችንን በልባችን ይዘን እንሄዳለን።"

ድንቄም ልብ! ልብ ያለው ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል? ለሁላችንም ይላል እኮ፣ ሃርላንም ቁጭ ብላ አብራ የወሰነች ይመስል!

ቬርላ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት የእህል መኪና ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ የሃርላን ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው ጠጠር ሜዳ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ፒክአፗን ታቆማለች፤ ከንጋት ጀምራ ትልቅ ድስት ጥዳ የሥጋና የቦሎቄ ወጥ ትሠራለች፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ትጨልፋለች። ባለፈው ዓመት ግን ወጡን ለመብላት ብቻ የመጣ ሰው አልነበረም። ደብዳቤውን ስታነብ ለመስማት ነው የሚመጣው። ጭልፋዋን እንደ ማይክሮፎን ትይዝና፣ ድምጿን በአፍንጫዋ አውጥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ "ለሁላችንም ከባድ ውሳኔ ነበር" ስትል ሜዳው በሳቅ ይፈርሳል። "ባሕረኞቹ" ነበር የምትላቸው። "ባሕረኞቹ ሲሄዱ አለቀሱ አሉ" ትላለች። "እንባው በቴሌቪዥን ተሽጦላቸዋል።"

ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ዴልማር ክሩስ ነበር።

ዴልማር የሃርላን ሰው አይደለም። ከወንዙ ማዶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ የምትገኘው የክሊርፎርክ ሰው ነው፤ የትራክተር መካኒክ። የክሊርፎርክ ኮሌጅ ዘጠኝ መቶ ተማሪ እንኳ አይሞላውም፤ የሜዳው አንዱ ወገን የታጠረው በከብት አጥር ነው። የፉትቦል ወቅት በተከፈተ ቁጥር ግን፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ክሊርፎርክ ሃርላን ድረስ መጥቶ ይገጥማል፤ ይቀጠቀጣል፤ ከመግቢያው ገቢ ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። ያቺ ድርሻ ናት ቡድኑን ዓመቱን ሙሉ የምታቆመው። ይህን ሃርላን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቬርላም ታውቃለች።

ዴልማር ሃያ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ መጥቷል። ሚስቱ የጋገረችውን የጫካ እንጆሪ ፓይ ይዞ ቁጥር አሥራ አራት ይመጣል፣ ወጡን ይበላል፣ ይሸነፋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሕግ አለ። የተሸነፈው የአሸናፊውን ቆብ ያደርጋል፤ እስከሚቀጥለው ጨዋታ አያወልቅም። ለቤተ ክርስቲያንና ለእንቅልፍ ብቻ ይፈቀዳል። ሌላው ቢቀር ለቀብር እንኳ አይወልቅም፤ ዴልማር የገዛ አጎቱን የቀበረው የሃርላንን ቀይ ቆብ እንዳደረገ ነው፤ የአጎቱ ልጆች እስከ ዛሬ ተቀይመውታል።

ባለፈው ዓመት በመክፈቻው ቅዳሜ ዴልማር እንደ ልማዱ መጣ።

"ቬርላ፣ በናትሽ ያንን ደብዳቤ!"

"መጀመሪያ ብላ።"

"አልበላም፤ አንብቢልኝና እበላለሁ።"

አነበበችለት። ዴልማር ሆዱን ይዞ ፒክአፑ ጎማ ላይ ተደገፈ። "ወይኔ! በልባችን ይዘን!" እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። "እኛስ ደግነቱ ማንም አይፈልገንም፤ የሚተወንም የለ።"

"እኔ እያለሁ ማን ይነካችኋል?" አለችው ቬርላ። ይህን ያለችው ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ ነው፤ ሰምቶ ያጨበጨበም ነበር።

ያን ቀን ታዲያ ጉድ ሆነ። ክሊርፎርክ አሸነፈ! የሃርላኑ መቺ በመጨረሻው ደቂቃ ኳሷን ግቡን ስቶ አጥር ላይ ሰቅሏት ክሊርፎርክ በሦስት ነጥብ አሸነፈ። ዴልማር እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አያፍርም። እየተንሰቀሰቀ መጥቶ፣ ትራውት ዓሣ የተሳለበትን ብርቱካናማ ቆብ ከኪሱ አውጥቶ ቬርላ አናት ላይ ደፋው።

"በደንብ አጥልቂው፤ ክረምቱ ረጅም ነው" አላት።

ቬርላ ሕግ አክባሪ ናት። ክረምቱን በሙሉ አደረገችው፤ ባንክ ስትሄድ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ ጎተራው ጋ ቡና ልትጠጣ ስትገባ። የጎተራ ሠራተኞቹ "ዓሣዋ መጣች" ሲሏት፣ "ቃሌን ስለማከብር ነው፤ እንደ ባሕረኞቹ መሰልኳችሁ እንዴ?" ትላቸው ነበር። እውነቷን ነው፤ በዚያ ክረምት ሃርላን ውስጥ ራሷን ቀና አድርጋ የምትሄድ እሷ ብቻ ነበረች። ሌላው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሊጉ ፈርሷል፤ ሃርላን ብቻዋን ቀርታለች። ሊግ የሌለው ቡድን ከማን ጋር ይጫወታል? ተጫዋቾቹ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ ጀመሩ፤ አሠልጣኙ ሄደ፤ የሆቴሉ ባለቤት ሕንፃውን ሊሸጥ ነው ተባለ። ለቬርላ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ሁሉ የጠበበ ነው፤ ቅዳሜዎቿ ሊወሰዱባት ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ያ ድስትና ያ ጠጠር ሜዳ ነው።

መጋቢት ላይ የሃርላን ፕሬዚዳንት ዶክተር ፔንሮዝ ቢሮው አስጠራት። ዓመቱን ሙሉ "ተከዳን!" እያለ በየጋዜጣው ሲያለቅስ የከረመ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ፊቱ በርቷል።

"ወይዘሮ ቬርላ፣ ተገኘልን! የተራራው ሊግ ተቀበለን!"

ቬርላ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። ሰውየውን አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ መነጽሩ ወደቀ።

"አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች" አለ መነጽሩን እያነሳ።

"ተናገሩ።"

"የመክፈቻውን ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ ለሊጉ ጨዋታ ይፈልገዋል። ክሊርፎርክ... እንግዲህ ቦታ የለም። ደግሞ ሊጉ የደጋፊዎች ማኅበር መስማማቱን በፊርማ እንዲገለጽለት ይፈልጋል። ኋላ ጩኸት እንዳይነሳ።"

"እምቢ ብልስ?"

"ሁለት ትምህርት ቤቶች ወረፋ እየጠበቁ ነው። ዛሬ ማታ ይደውሉላቸዋል።"

ቬርላ ወረቀቱን አየችው። አላነበብኩትም ብላ እንዳትምል፤ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ዴልማር ትዝ አላት። ሚስቱ፣ ፓዩ፣ የከብት አጥሩ ትዝ አሏት። ከዚያ፣ ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ስለ እሱ ማሰቡን ትታ በእሱ ቦታ ታስብለት ጀመር፦ ይገባዋል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ እነሱ እንደሆነ መሸነፍ ለምደውታል፤ ከኛ ቢብስባቸው ምን ያህል ይብስባቸዋል? ባሕረኞቹም ልክ ይህንኑ ሳይሉ አልቀሩም። ይህ ግን ያን ጊዜ ትዝ አላላትም።

"ሌላ ቅዳሜ እናጫውታቸዋለን አይደል?" አለች።

"እንዴታ! ቦታ ሲገኝ" አለ ፔንሮዝ፤ አንድ ቀን ብቅ በሉ እንጂ የሚል ሰው በሚልበት ድምፅ።

ፈረመች። ስትፈርም ብርቱካናማው ቆብ አናቷ ላይ ነበር። ፔንሮዝ ዓሣውን ላለማየት መስኮት መስኮቱን ያያል።

ለዴልማር እደውላለሁ አለች። ሚያዝያ ዘር ነው፣ ሥራ ይበዛበታል ብላ ተወችው። ሰኔ ላይ ደግሞ ሰምቶ ይሆናል አለች። ሐምሌ ላይ፣ ከሰማ ለምን አልደወለም ብላ እሷው ተቀየመችው። ይታያችሁ! የከዳችም እሷ ናት፣ የተቀየመችም እሷ ናት።

የመክፈቻው ቅዳሜ መጣ። ጠጠር ሜዳው እንዲያ ሞልቶ አያውቅም፤ የቴሌቪዥን መኪናዎች ገመዳቸውን ዘርግተዋል፤ የተራራው ሊግ ሰዎች ከሁለት ቀን መንገድ መጥተው ድንኳን ተክለዋል። ቬርላ አዲስ ቀይ ቆብ አድርጋለች። ዓሣው ፒክአፑ ውስጥ መቀመጫ ሥር ገብቷል። አዲስ ወቅት ነው፣ አበቃ ብላ ጠዋት አውልቃዋለች።

ድስቱን ስታማስል የዴልማር አሮጌ መኪና ጠጠሩን እያንኳኳ መጣ።

ወረደ። ፓዩ በጨርቅ ተጠቅልሎ እጁ ላይ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም፤ አልሳቀም። ፓዩን የፒክአፑ ኮፈን ላይ አስቀመጠ፤ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የወፈረ ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ወርቃማ ሳይሆን ቀይ ነው፤ የሃርላን ማኅተም። ሄዶ ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ አምና የተለጠፈው ወረቀት ከነሙጫው ከተገነጠለበት ጎን፣ ለጠፈው።

"አንብቢልኝ" አላት።

"ዴልማር..."

"በአፍንጫሽ አድርገሽ። ዓመቱን ሙሉ ናፍቆኝ ነበር።"

ቬርላ ሳትቀርብ አነበበችው። ማንበብም አላስፈለጋትም፤ ከመጀመሪያው መስመር በቃሏ ታውቀዋለች። የተከበራችሁ ታሪካዊ ጎረቤቶቻችን ይላል። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አንድ ሰው ነው እንዴ? ሌላው ቢቀር ቃል እንኳ ሊለውጡ አልደከሙም። ከፔንሮዝ ስም በታች ግን አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ በደጋፊዎች ማኅበር ሙሉ ስምምነት፣ ቬርላ ኦስትቦ፣ ሊቀመንበር።

"ምን እናድርግ ታዲያ?" አለች፣ ድምጿ ሳታስበው ከፍ ብሎ። "ሌላ መውጫ አልነበረንም! ልንጠፋ ነበር እኮ! አንተስ ብትሆን አትፈርምም?"

ዴልማር አሰበበት። ከልቡ አሰበበት፤ እሱ እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

"እፈርም ይሆናል" አለ። "ግን እደውልልሽ ነበር።"

ወጡ ሊያርር ነው፤ አላማሰለችውም።

"ኅዳር ላይ ቡድኑን ይዘጉታል" አለ ዴልማር። "ሰኞ ነው የነገሩን። ቆቤ የት አለ?"

ቬርላ ቀለል አላት። ሊወስደው ነው፤ ይውሰደው፤ ይለቅልን ብላ ሮጣ ሄዳ ከመቀመጫው ሥር አወጣችውና አቧራውን አራግፋ ዘረጋችለት። ዴልማር አልተቀበላትም።

"ምን አወለቀሽ?" አለ።

"ወቅቱ ተከፈተ አይደል..."

"ጨዋታ ተጫወትን እንዴ?"

"አልተጫወትንም።"

"ሕጉን ታውቂዋለሽ። አጎቴን የቀበርኩት በእናንተ ቆብ ነው፤ ቬርላ። እስከሚቀጥለው ጨዋታ አይወልቅም።"

ይህን ብሎ ፓዩን ከነጨርቁ አንሥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አምጥቶት አንድም ቀን መልሶ ወስዶት አያውቅም። ሲመልሰው ቀስ አድርጎ፣ እንዳይፈስ፣ ጎኑ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ቬርላ መንገዱን እስኪይዝ አየችው። ከዚያ ቀዩን ቆብ አውልቃ ዓሣውን ደፋች። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም ልብ አላላትም። ግን ክረምቱን ሙሉ ቃሌን አከብራለሁ እያለች ስትፎክር የከረመችው ማን ሆነና?

ከእንግዶቹ ድንኳን አንዲት ደርባባ ሴት ሳህን ይዛ መጣች። ወጡን ስታስጨልፍ ቆቡን አየችና ፈገግ አለች።

"ቀይ በቀይ በሆነ አገር ብርቱካናማ! የማነው እሱ?"

"የክሊርፎርክ" አለች ቬርላ። "ሲያሸንፉን የማደርገው ነው። ከእነሱ ጋር እስክንጫወት አይወልቅም።"

"ደስ ሲል! እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም። መቼ ነው የምትጫወቱት ታዲያ?"

ቬርላ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። አፏን ስትከፍት፣ በአፍንጫዋ ሳይሆን በገዛ ድምጿ፣ "ለሁላችንም ከባድ ውሳኔ ነበር" አለች።

ሴትየዋ ያዘነች መስላ ራሷን ነቀነቀች፤ ሳህኗን ይዛ ወደ ድንኳኗ ሄደች።