ግማሽ ቃሪያ

ድንቅቱ ባዶውን ምሳ ዕቃ ከእስር ቤቱ ዘበኛ ተቀብላ ገና አሥር እርምጃ ሳትራመድ፣ አደባባዩ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የባሏን ዜማ ሰማች።

ቆመች። መጀመሪያ የጠረጠረችው የገዛ ጆሮዋን ነበር። የከተማው ኪነት ቡድን ለምርት ዘመቻው በዓል ይለማመዳል፤ ልጃገረዶቹ በአኮርዲዮን ታጅበው "ጎተራውን ክፈቱ፣ ምርቱ ደርሷል" እያሉ ይጮኻሉ። ቃሉ የእነሱ ነው፤ ዜማው ግን የጂራ ነው። ጂራ የጻፈው "ደጃችሁን ክፈቱ፣ እንግዳው ደርሷል" ብሎ ነበር። ያንን መዝሙር በዓለም ላይ የሚያውቀው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው፤ ከእነሱ አንዱ እስር ቤት ነው።

ጂራ የመዘምራን መሪ ነበር። አምና ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ አምቦ እስር ቤት ገባ፤ የተከሰሰበትን እስካሁን የነገረው የለም። ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች ሚሲዮኖቹ አድቬንት ይሏቸው ነበር፤ በእነዚያ እሑዶች አዲስ መዝሙር አንድ አንድ ቁጥር እያስተማረ ገና ላይ ሙሉውን ማስዘመር የቆየ ልማዱ ነው። እስር ቤትም ልማዱን አላስተወውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቁጥር በስስ ወረቀት ይጽፍና ምሳ ዕቃው በሚታሰርበት ጨርቅ ጠርዝ ውስጥ ይሸጉጠዋል። ዘበኞቹ ወጡን በማንኪያ እስከ ታች ያማስላሉ፤ የጨርቅ ጠርዝ ማየት ግን አልለመዱም።

የየቁጥሩ ዜማ ስለሚለያይ ከቃሉ ሥር ዜማውን በዶ ሬ ሚ ይጽፋል። ያንን ማንበብ የሚችል ደግሞ ፈየራ ብቻ ነው፤ አስተማሪው፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ፣ የሰርጋቸው አንደኛ ሚዜ ፈየራ። እሑድ ከሰዓት ስምንቱ ከከተማ ዳር ኦቦ ተሬፋ ወፍጮ ቤት ይገናኛሉ። ሽማግሌው እህል የሌለበትን ወፍጮ ያስነሱታል፤ እነሱም በሞተሩ ጩኸት ተከልለው ይዘምራሉ። የሰፈሩ ሰው "ኦቦ ተሬፋ እሑድ እሑድ ነፋስ ይፈጫሉ" እያለ ይስቃል። ተዘምሮ ሲያልቅ፣ ሰኞ በጂራ እንጀራ ላይ አንድ ስንግ ቃሪያ ይቀመጣል። ተዘምሯል ማለት ነው። እስካሁን ሦስት ቃሪያ ሄዷል።

ድንቅቱ ቤቷ ገብታ የጨርቁን ጠርዝ ፈታች። አራተኛው ቁጥር መጥቷል። ከግርጌው "ገና ላይ ሙሉውን ዘምሩልኝ፤ እኔም እዚህ በሆዴ እዘምራለሁ" ይላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የእስር ቤቱ ግቢ ከአደባባዩ ሩቅ አይደለም። ጂራ ሰምቶ ይሆን?

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ስትደርስ ፈየራ ቀድሟታል። አዲስ ካኪ ኮት ለብሷል።

"አካም ጂርታ ድንቄ? አራተኛው መጣ?" አለና እጁን ዘረጋ።

"ትናንት የት ነበርክ?"

እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። "ሰማሽ ማለት ነው።"

"እንኳን እኔ፣ የገበያው አህያ ሁሉ ሰምቷል።"

"ስሚኝ እስቲ። ካድሬው ጠራኝ። 'ከማን ጋር እንደምትዘምር ንገረኝ፤ አለዚያ ለቡድኑ አዲስ ዜማ አምጣ' አለኝ። ስማችሁን ከምሰጥ ዜማውን ሰጠሁ። ዜማ አይታሰርም፣ ድንቄ።"

"መቼ ነው የጠራህ?"

"ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።"

"ባለፈው እሑድ እዚሁ አጠገቤ ቆመህ ዘምረሃል። ስለ ጂራ ስንጸልይ አሜን ያልከው ከሁላችን ጮክ ብለህ ነው።"

"ፈራሁ።"

"እኛስ ጀግኖች ሆነን ነው? ብትነግረኝ አብረን እንፈራ ነበር!"

ኦቦ ተሬፋ የሞተሩን ማስነሻ እጀታ እንደያዙ "የኪነቱ ኃላፊ ሆነ ይባላል። እውነት ነው እንዴ ልጄ?" አሉ።

"ሹመቱን ያመጣው ካድሬው ነው። እኔ አልለመንኩም።"

"ሹመቱን አልመለስክለትም ግን" አሉ ሽማግሌው። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!"

ድንቅቱን ያመማት ኮቱም ሹመቱም አልነበረም። ጂራ በተያዘ ቀን እንደ ሴት ተንሰቅስቆ ያለቀሰው፣ የመጀመሪያውን ምሳ ተሸክሞ እስር ቤት በር የቆመው ይኸው ሰው ነው። በእነዚህ ሦስት እሑዶች የባሏን ድምፅ የሰማችው አኮርዲዮኑን በሚነኩት በእሱ ጣቶች ነበር። አሁን እነዚያን ጣቶች ማየት አስጠላት።

"ይህችን ብቻ ልጫወትላችሁ" አለ ፈየራ። "ከዚያ በኋላ አልመጣም። ያለ እኔ ማን ያነባታል?"

እውነቱን ነው። የሚያነባት የለም። ዘማሪዎቹ ሁሉ ድንቅቱን አዩአት። ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች፤ ልትሰጠው መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"ኦቦ ተሬፋ፣ ሞተሩን ይተዉት። አራተኛውን አንዘምረውም፤ እንጸልየዋለን።"

"እኔስ?" አለ ፈየራ።

"ጸሎት አይከለከልም። ከፈለግህ ቁም።"

ሰባቱ ተንበረከኩ። ድንቅቱ በሹክሹክታ አነበበች፤ "ቁልፉ በሌላ እጅ ነው፣ እሱ ግን ይገባል። ዘበኛው አልተኛም፣ እሱ ግን ይገባል።" ሌሎቹ እየተከተሉ ደገሙት። ሞተር በሌለበት ቤት የእያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰማ ነበር። አሜን ከማለታቸው በፊት በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ዞሮ ያየ የለም።

ሰኞ ጠዋት ድንቅቱ የጂራን ምሳ ስትቋጥር እጇ ቃሪያው ላይ ቆመ። ብታስቀምጠው ጂራ ተዘምሯል ብሎ ይደሰታል፤ እሷም የፈየራን ያህል ትዋሻለች። ብትተወው ደግሞ ወረቀቱ ተያዘ ወይም እሷ ታሰረች ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ቃሉ ተጸልዮአል፤ ዜማው ግን አልተዘመረም። በመጨረሻ ቢላዋ አንስታ ቃሪያውን ከመሃል ቆረጠችው። ግማሹን እንጀራው ላይ አስቀመጠች፤ ግማሹን እንደቆመች በላችው። ከዚያ ጨርቁን አጥብቃ አሰረችና ወደ እስር ቤቱ ሄደች።