የአራስ እሳት

ልጄ ኩንቲያ አዋላጅ ነርስ ከሆነች ወዲህ በቤታችን የማይከለከል ነገር ጠፋ። ጆሮን በጥጥ እንጨት መጎርጎር ክልክል ነው። ሞተር ላይ ሕፃን ከፊት አስቀምጦ መሄድ ክልክል ነው። የሕፃን እትብት ሳይደርቅ ቅባት መቀባትማ አይነሳ! ምን አለበት ስላት፣ «አንቺ አላየሽማ እማዬ፣ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን የማየው እኔ ነኝ» ትለኛለች። እሷን የሰማ ሰው አገሩ ሁሉ ጆሮውን ሲጎረጉር የሚሞት ይመስለዋል።

ይሁን ብዬ ቻልኩት። ጆሮዬን ተደብቄ እጎረጉራለሁ፣ ማን ያየኛል? እሳቱን ስትከለክለኝ ግን አንጀቴ አረረ።

እኛ ዘንድ የወለደች ሴት እሳት ትሞቃለች። የቀርከሃ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ ከስሯ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሲወልዱ ከሰውነት የወጣው ሙቀት ይመለሳል። እሳቱን የምታነደው ደግሞ እናት ናት። እኔ አምስቴ ታርሻለሁ፣ አምስቴም እናቴ ናት ያነደደችልኝ። ታላቅ እህቴ ግን በዚያ በክፉው ዘመን፣ ሰው እንደ ከብት ከማሳ ማሳ በሚነዳበት ጊዜ ወልዳ እሳት የሚያነድላት አጣች። በሦስተኛው ቀን ሩዝ እንድትተክል ውሃ ውስጥ አስገቧት። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በሚያዝያ ሐሩር እንኳ ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ከማየት በቀር ምን አቅም ነበረኝ? ለራሴ ልጅ ግን አቅም አለኝ፤ ከሰልም አለኝ።

ስለዚህ ኩንቲያ የመውለጃዋ ወር ሲገባ አማቼን ቪሮትን አልጋውን አሠራሁት። ቤት ሠሪ ስለሆነ እጁ ቶሎ ነው። ከሰሉንም ራሴ ገበያ ሄጄ መረጥኩ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲነድ ጭስ የማይወጣው። ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ጠበቃት።

በሩ ላይ ቆመችና አየችው።

«ይሄ ምንድነው እማዬ?»

«አልጋሽ ነዋ።»

«ከስሩስ?»

«ከሰል ነዋ! ምን ሊሆን ነበር፣ ሙዝ?»

ሕፃኗን ለቪሮት ሰጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ስል ጭራሽ እጄን ያዘችኝ። ይሄ ያዋላጆች እጅ አያያዝ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ክፉ ነገር ሊነግሩሽ ሲሉ ነው የሚይዙሽ።

«አንቺ የታረስሽበት ቤት ግድግዳው ምን ነበር?»

«የዘንባባ ቅጠል። በቀዳዳው ጨረቃ ይታይ ነበር።»

«ይሄስ?»

«ብሎኬት። ባልሽ ነው የሠራው፣ ከዓይን ያውጣው እንጂ ቆንጆ ቤት ነው።»

«በዘንባባ ቤት የከሰሉ መርዝ በየቀዳዳው ይወጣ ነበር። እዚህ መውጫ የለውም። አይሸትም፣ አያስልም፤ እንቅልፍ የመጣብሽ መስሎሽ ይወስድሻል።»

«ጭስ የለውም እኮ! ጥሩውን መርጬ ነው የገዛሁት!»

«የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጭስ ያለው ቢያንስ አስነጥሶ ያስወጣሻል። እማዬ፣ ስንቱን እናት ተዪ ብዬ መክሬ እኔ ቤት ገብቼ ልተኛበት? አላደርገውም።»

ወደ ቪሮት ዞርኩ። «አንተስ? ወንድ አይደለህ እንዴ፣ አንድ ነገር በላ!»

«እኔ አልጋውን ነው የሠራሁት እማማ» አለ ልጁን እያወዛወዘ። «ፍርዱ ውስጥ የለሁበትም።»

ከዚያ ምን አመጣችልኝ መሰላችሁ? የውሃ መያዣ ጠርሙስ! ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግሬ ስር አድርጊልኝ አለችኝ። ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ያለበትን ሥጋ እበላለሁ፣ ካልሲም አደርጋለሁ፣ ኮፍያም አደርጋለሁ፣ እሳቱን ብቻ ተዪልኝ አለች። አደረግኩላት፣ ምን ላድርግ? ግን ጠርሙሱን ባየሁ ቁጥር እህቴ ትዝ እያለችኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እናትነቴን የተቀማሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ ቻንቱ ወለደች። የሟች የአጎቴ ልጅ ልጅ ናት፣ ጎረቤታችን። እናቷ ሞታለች፣ ባሏ ታይላንድ ግንባታ ላይ ነው፤ በላከው ገንዘብ አንድ ክፍል የሲሚንቶ ቤት አሠርታለች። ጠያቂ ሆኜ ስሄድ እጄን ይዛ፣ «አክስቴ፣ የኔን እሳት ማን ያነድልኛል?» ብላ እንባዋ መጣ። የኔም መጣ። ወዲያው ቤት ተመልሼ አልጋውንም ከሰሉንም አስጭኜ ወጣሁ።

ኩንቲያ በረንዳው ላይ ሆና አየችኝ። እሷም እንደማልሰማት አውቃለች፣ እኔም እንደማትተወኝ።

«በሩን ክፍት አድርጊ!» አለች ብቻ። «እማዬ፣ ሙች በይኝ!»

«አንቺን ብሎ መካሪ!» አልኳት። ሙች ግን አልኩላት።

ቃሌንም ጠበቅኩ፣ እውነት ለመናገር። ሁለት ቀን ሙሉ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ነበር። ቻንቱ ወዛች፣ ልጁ ጠባ፣ እኔም ሰው ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ግን ያ የክረምት ዝናብ መጣ፣ ከነነፋሱ፣ በሩ ትይዩ። ውሃው እስከ አልጋው እግር ድረስ ይረጫል። አራስ ናት! እንዴት አድርጌ ክፍት ልተወው? ዝናቡ እስኪያባራ ነው ብዬ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ።

ዝናቡ አላባራም።

ትንሽ ቆይታ ቻንቱ ራሴን አመመኝ አለች። ያቅለሸልሻትም ጀመር። እኔ ምን አልኩ? ማንም ያገሬ ሴት የምትለውን ነዋ፣ ንፋስ ገባባት! በበሩ ስር የሚገባውን ንፋስ ለማገድ ክራማዬን፣ ያንን ባለ ዳማ የአንገት ልብሴን፣ ጠቅልዬ ሸጎጥኩበት። ንፋሱ እንዲወጣላት ጀርባዋን በማንኪያ ጠርዝ እስኪቀላ ፋቅኩላት። እሳቱንም ጨመርኩ። ማንኪያውን ሳስቀምጥ የኔም ራስ ይወቅረኝ ጀመር። እኔንም አገኘኝ፣ ይሄ ነፋስ እንዴት ያለ ነው አልኩ። ቪሮት ጋ ደወልኩና ለራስ የሚቀባውን ዘይት ይዘህልኝ ና፣ እኔንም ቻንቱንም ንፋስ መታን አልኩት።

ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ደስ የሚል ነገር ነበረው፣ አትፍረዱብኝ፤ ሙቀት አለ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሲያለቅስ የነበረው ሕፃን ዝም ብሏል። ተኛልን ብዬ ደስ አለኝ።

በቤታችን የሆነውን ቪሮት ነው በኋላ የነገረኝ። ዝናቡ ሥራ አስቀርቶት ቤት ነበር። ስልኩን ዘግቶ እየሳቀ፣ «እናትሽንና ቻንቱን ንፋስ መታቸው» አላት።

«ሁለቱንም?» አለች ኩንቲያ።

«ሁለቱንም።»

«በአንድ ጊዜ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ሕፃኗን ደረቱ ላይ ጣለችበትና በባዶ እግሯ ወጣች። እሱ ልጅ ታቅፎ ወደ ዝናብ አይወጣ፣ ልጅ ጥሎ አይከተል፣ በረንዳው ላይ እየተንቆራጠጠ፣ «ኧረ አራስ ነሽ! ኧረ ኩንቲያ!» እያለ መንደሩን ሁሉ ጠራ። መጥራቱም ደግ ሆነ፣ ሰው ወጣ።

እኔ የማስታውሰው በሩ ሲበረገድ ነው። ክራማዬ ተንሸራቶ ሄደ። ልጄ ገባች፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ልብሷ ውሃ እያንጠባጠበ። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው?

«ዝጊው! ንፋስ!»

ሕፃኑን አፈፍ አድርጋ ወጣች። ተመለሰች። ገና ወገቧ ያልጠና ልጅ፣ ቻንቱን በብብቷ ገብታ እየጎተተች አወጣቻት። ለመነሳት ሞከርኩ፣ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። ሦስተኛ ስትመለስ ጎረቤቶቹ ደርሰው ነበር፣ ግን ለማንም አልሰጠችኝም፤ ራሷ ናት ያቀፈችኝ። ዝናቡ ውስጥ አስቀመጠችኝና ጉንጬን በጥፊ ትመታኝ ጀመር፣ የገዛ ልጄ!

«ተንፍሺ! እማዬ፣ ተንፍሺ!»

ዓይኔን ስከፍት ያየሁት ከከንፈሯ የሚወርደውን ውሃ ነው። መጥቆር ጀምሯል ከንፈሯ።

«አንቺ ደደብ» አልኳት። «አራስ ሆነሽ ዝናብ… ካልሲሽስ?»

ይሄኔ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «ተቆጪኝ» አለች አንገቴ ስር ገብታ። «ተቆጪኝ እማዬ፣ ዝም እንዳትዪኝ ብቻ።»

ተቆጣኋት። የቻልኩትን ያህል ተቆጣኋት። በመካከሉ ከወዲያ በኩል ጎረቤት እጅ ላይ የቻንቱ ልጅ ጮኸ፣ ቀጭን፣ የተናደደ ጩኸት። ቻንቱም እያስመለሳት፣ «ስጡኝ፣ ልጄን ስጡኝ» አለች። ከዚያ በላይ የሚጥም ድምፅ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

ጤና ጣቢያ ወስደው ኦክስጅን አደረጉልን። የኩንቲያ ጓደኞች ናቸው፣ ሳቁብኝ። «የአለቃችን እናት ናት እንዴ?» ይባባላሉ። ይሳቁ! ሦስት ሰው ገብተን ሦስት ሰው ወጣን። ቻንቱንና ልጇን እስኪያገግሙ እኛ ቤት አደረግናቸው።

ልጄ ግን ከቤት እንደገባች መንቀጥቀጥ ያዛት። ልብሷን ለወጥኩላት፣ ደራረብኩላት፣ አልቆም አላት፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጠርሙሱ ይዘገይብኛል፤ ውሃው እስኪፈላ እንኳ አልታገስም። እጄን የት ላድርገው? በዚህ እጅ ሁለት ሰው ልገድል ነበር። አጠገቧ ቆሜ፣ እህቴን እያየሁ፣ አንድም ነገር ሳልነካ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«በረደኝ እማዬ። እሳት አንድጂልኝ እንጂ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። «የምን እሳት?»

«ውጭ ነዋ፣ ከቪሮት አባት ቤት ስር። አራቱም በኩል ክፍት አይደል? ነፋስ ያልፍበታል፣ ዝናብ አይነካንም። ቶሎ በይ፣ ልሞት ነው።»

የቪሮት አባት ቤት ከአጥራችን ጎን ነው፣ የድሮው ዓይነት፣ በረጃጅም እንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያን ቀን ከሞት አፍ ወጥቼ፣ ሮጥኩ! በእነዚያ ምሰሶዎች መካከል እሳቱን አነደድኩላት። እንጨት ነው፣ ይጨሳል፣ ዓይናችንን አስለቀሰን፣ ነፋሱም ጭሱን ወስዶ ማሳው ላይ ይበትነዋል። ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች። እግሯን አሸሁላት። ቀስ በቀስ ከንፈሯ ወደ መልኩ ተመለሰ፣ ጥርሷም ዝም አለ።

«ኧኸ» አለች፣ «ይሄ ጥሩ ነው።»

ያኔ ፊቷ ተንበረከክኩ። ሁለቱን መዳፎቼን አጋጠምኩና እስከ ግንባሬ አነሳኋቸው። እንዲህ የሚደረገው ለመነኩሴ ነው፣ ለወላጅ ነው፤ እናት ለልጇ አድርጋ አታውቅም።

ኩንቲያ ደነገጠች። ባንድ እጇ ሕፃኗን ይዛ በሌላው እጆቼን ወደ ታች ትጎትታለች።

«ኧረ እማዬ፣ ምን ነካሽ! ነውር ነው! ሰው ያያል!»

«ይየኝ» አልኳት፣ እጄንም አላወረድኩም።