ሽመላና የያምሮት መዳፍ

“ይሄ እኮ ቢራ አይደለም፤ ገብስ በሩቁ ያለፈበት ውሃ ነው” አለ በያጁ ባምላኩ። ጠርሙሱን ግን እስከ ጠብታው ጨርሶ፣ ሌላ እንዲመጣለት በጣቱ እየጠራ ነበር።

“ውሃ ከሆነማ ሁለተኛውን ከቧንቧው ልቅዳልህ” አለችው አስተናጋጇ ያምሮት። “እሱ በነጻ ነው።”

ቤቱ ሳቀ። ቅዳሜ ነው፣ የፍኖተ ሰላም ገበያ የደራበት ሰዓት። ሽመላ የሚባለው ርካሽ ቢራ ከመጣ ወዲህ የእትዬ ባንቺአየሁ ግሮሰሪ ወሬ እሱ ብቻ ሆኗል። ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ያማዋል፤ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ይጠጣዋል። አንዱ ራስ ያዞራል ይላል፣ ሌላው ሆድ ይነፋል፤ ሌላው ደግሞ ሽንት ቤት ከማመላለስ በቀር ሥራ የለውም ይላል። የሚሟገትለት ደሴ ብቻ ነው፣ ባጃጁን ለጥገና አስገብቶ ሥራ የፈታው ሾፌር።

“ቀዝቀዝ ሲል ከግስላ በምን ያንሳል?” አለ ደሴ፣ የውዱን ቢራ ስም እየጠራ። “እናንተ የምትጠጡት ዋጋውን ነው። ቢራውንማ ማን ያውቀዋል።”

“አያ እጅጉ ያውቁታል። ገብስ አምራች ናቸው” አለ ባምላኩ።

አያ እጅጉ በገበያ ቀን ከገበዝ ማርያም የሚወርዱ ገበሬ ናቸው። ገብሳቸውን ሲሸጡ አንድ ግስላ ይጠጣሉ፤ አንድ ብቻ፣ በብርጭቆ። ሽመላን “ልጅ የሌለበት ክርስትና” ይሉታል። ብርጭቆው አፋቸው ከመድረሱ በፊት ደግሞ ያምሮት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስላቸዋለች። በአገራቸው አሳላፊ ሳትቀምስ ለእንግዳ አይቀዳም፤ ቢራም ቢሆን መጠጥ ነው ባይ ናቸው።

አምና አንድ ቀን ቀምሳ “ይሄስ ተበላሽቷል፣ አይጠጡት” ብላቸው ነበር፣ እትዬ ባንቺአየሁ ከባንኮኒው ጀርባ ዓይናቸውን እያጉረጠረጡባት። ከዚያ ወዲህ አያ እጅጉ የጠርሙሱን ወረቀት አይተው አያውቁም። የሚያዩት ፊቷን ነው። ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን አደይን ሲድሩም የጠላው አሳላፊ እሷ እንድትሆን ጠይቀዋታል፤ ያ ሁሉ ዘመድ እያለ እሷን። ያምሮት ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች፤ ቀሚሱም ተሰፍቷል።

ደሴ ወደ ባንኮኒው ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ዛሬ ሽመላ ቅጅላቸው።”

“ሂድ ወዲያ።”

“ፈራሽ። ለካ አፍሽ ብቻ ነው።”

ያምሮትን “ፈራሽ” ማለት ለደረቀ ሣር ክብሪት ማሳየት ነው።

አያ እጅጉ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ሲገቡ ቤቱ “ኖር” ብሎ ተነሣላቸው። “በእግዜር፣ በእግዜር” እያሉ ተቀመጡ። ያምሮት ሽመላውን ባንኮኒው ሥር ከፍታ ቀዳችና ብርጭቆውን ይዛ ቀረበች። ፊታቸው ቆማ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ቀጭን ነበር።

“እንዴት ነው ልጄ?”

“ያው የርስዎ ነው” አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሙሉ ጉንጭ ጠጡና ጢማቸውን ጠረጉ። “ተመስገን። ገብስ ማለት እንዲህ ነው። ሽመላ ሽመላ የምትሉ፣ ኑና ቅመሱ።”

ደሴ ጠርሙሱን ከባንኮኒው ሥር መዥረጥ አድርጎ ጠረጴዛቸው ላይ አቆመው። ወረቀቱ ላይ ያ ባለ ረጅም እግር ወፍ አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

“አያ እጅጉ፣ ክርስትናው ያለ ልጅ አማረ አይደል?” አለ ባምላኩ ጉልበቱን እየመታ። ያምሮትም ሳቀች፤ እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብላ።

አያ እጅጉ ፈገግ አሉ። ጠርሙሱን አዩ፤ ቀጥሎ እሷን አዩ።

“አይ ልጆች” አሉ ረጋ ብለው። “እኔ እኮ የጠጣሁት ቢራውን አይደለም። የሷን እጅ ነው።”

ቁጣ አልነበረበትም። ብርጭቆውን ግማሽ ላይ ትተው “ጨው ልግዛና እመለሳለሁ” ብለው ወጡ።

ክርክሩ ወዲያው ቀጠለ። ደሴ “ልዩነት የለውም አላልኳችሁም?” ይላል፤ ባምላኩ “ብርጭቆ ነው ያሳመረው” ይላል። ያምሮት ጓሮ ወጥታ እጇን በሳሙና ታጠበች። አሸተተችው። ደግማ ታጠበች። የአደይ ሠርግ ታያት፤ የመጀመሪያው ጋን ሲከፈት፣ አማቾቹ ተደርድረው መዳፏን ሲያዩ። አያ እጅጉ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ታውቃለች። ቅሪ አይሏትም። እዚያው ተቀምጠው፣ ቀምሳ “ደግ ነው” ስትል ይሰሟታል። ከመቅረቱ ይልቅ መሄዱ ከበዳት።

“ምነው ፊትሽ ጠቆረ?” አሉ እትዬ ባንቺአየሁ ስትመለስ። “ቀልድ ነው እኮ።”

“ሳቁስ ቀልድ ነው እትዬ። ቅምሻው ግን ቀልድ አልነበረም።”

አያ እጅጉ ጨዋቸውን ይዘው ተመለሱ፤ እዚያው ቦታቸው ተቀምጠው ግስላ አዘዙ። ያምሮት ጠርሙሱን እንደታሸገ አምጥታ ቆርኪውን ፊታቸው ከፈተች። ልትቀምስ መዳፏን ስትዘረጋ እሳቸው የራሳቸውን ዘረጉ። የተሰነጣጠቀው መዳፋቸው ላይ ራሳቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ።

“ደህና ነው” አሉ።

በዱላ ቢሏት ይሻላት ነበር።

“አያ እጅጉ።”

“አቤት ልጄ።”

“ለአደይ ሠርግ ሌላ አሳላፊ ይፈልጉ።”

“ኧረ ተይ፣ አበድሽ?” አለ ደሴ።

“ማን ይቅመስልኝ ታዲያ?” አሉ አያ እጅጉ።

“የማይዋሽ ሰው። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።”

“እስቲ ሠርጉ ይድረስ” አሉና ወደ ብርጭቋቸው ተመለሱ። ይሁንም አይሁንም አላሉ።

ደሴ ጨዋታውን ለመመለስ ጉሮሮውን ጠራረገ። “ያምሮት፣ እስቲ አንድ ሽመላ።”

አመጣችለት፤ ከፈተችው። ሳይጠይቃት መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰች፤ ወንዶቹ ሁሉ እያዩዋት።

“ቀዝቃዛ ነው” አለች፣ ቤቱ እንዲሰማ አድርጋ። “ቀጭን ነው። ገብሱ ትንሽ ነው። ግን አልተበላሸም፣ መጠጣት ትችላለህ።”

አያ እጅጉ ዘወር አላሉም። አፋቸው ጋ ያደረሱትን ብርጭቆ ግን ተናግራ እስክትጨርስ ሳይጠጡ አቆዩት።