ብስኩት ያለ ዘፈን አትሮጥም

ማሪሴላ ያን ቀን ጠዋት አልዋሸችም፤ ዝም ነው ያለችው። ግን ቴክሳስ ውስጥ፣ ፈረስ እየጋለቡ ኳስ በዱላ በሚመቱበት በፖሎ ሜዳ ላደገ ሰው ስለ ፈረስ አመል ዝም ማለት ከመዋሸት አይሻልም።

በኮሌጆች የሴቶች ውድድር አንድ ቡድን ግማሹን ጨዋታ በገዛ ፈረሶቹ፣ ግማሹን ደግሞ በባላንጣው ፈረሶች ይጫወታል። ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር ልጆቹ ጋጥ ውስጥ ይገናኙና የየፈረሳቸውን አመል ይነጋገራሉ። ይቺ ልጓሟን ሲጎትቷት ታኮርፋለች፣ ያኛው ከግራ ሲገፉት ይደነብራል፣ እያሉ ምንም ሳይደብቁ። ሜዳ ላይ ጥርስ የተናከሱ ልጆች ጋጥ ውስጥ እንደ እህትማማች ይመካከራሉ።

የባላንጣው ኮሌጅ የሬድፊልድ አምበል ሃድሊ ወደ ማሪሴላ ባዝራ ወደ ብስኩት ጋጥ የመጣችው ነጭ ሱሪዋን ለብሳ ነው። ሰው እንዴት ጋጥ ውስጥ እየዋለ ሱሪው እንደዚያ ይነጣል? ማሪሴላን ይህም ያናድዳት ነበር። ሬድፊልዶች በተከታታይ ዋንጫውን ከአፏ ነጥቀው ሲወስዱባት ኖረዋል፤ እሷ ደግሞ በዚህ ግንቦት መመረቋ ነው። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«እሺ፣ ይቺ አሮጊት ምን አመል አላት?» አለች ሃድሊ።

«አሮጊት አትበያት። አፏ ስስ ነው፣ ልጓሙን አላልተሽ ያዢ። እንድትቆም ስትፈልጊ ወደ ኋላ ዘንበል በይ፣ ይበቃታል።»

«ሌላስ?»

ማሪሴላ የባዝራዋን ጅራት ወደ መጎንጎኑ ዞረች። «ጅራቷን አጥብቄ ጎንጉኜልሻለሁ፤ ዱላሽ ላይ አይጠመጠምም።»

«ተባረኪ!» ብላ ሃድሊ ሄደች።

ሌላማ ነበር። ብስኩት ግድግዳ ትፈራለች። ዙሪያውን በእንጨት በታጠረ ሜዳ ላይ ደግሞ ኳሱ ሁሌም ነጥሮ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው። መድኃኒቱን ማሪሴላ ያገኘችው ሳታስበው ነው። የጋጡ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግመውን የጎማ ሱቅ ማስታወቂያ እያንጎራጎረች ስትጋልብ ባዝራዋ ግድግዳውን ረስታ ሽምጥ ጋለበች። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው አጠገብ ሁሌም ትዘፍንላታለች። ለቡድን ጓደኛዋ ለዊኒ ግን ዘፈኑ የማሪሴላ የራሷ እብደት ይመስላት ነበር።

የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ውጤቱ እኩል ነበር። ፈረስ ተቀያየሩ፤ ሃድሊ ብስኩት ላይ ወጣች። ኳሱ ወደ ጥግ ሄደና ግድግዳው ሥር ተወሸቀ። ሃድሊ ተከትላው ጋለበች፣ ብስኩት ግን ልትደርስ ስትል እግሯን ተክላ ቀጥ አለች። ሃድሊ በአንገቷ በኩል ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈች። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ።

ዊኒ በማሪሴላ አጠገብ እየጋለበች፣ «አየሻት?» አለች በደስታ። «ብስኩት ከእኛ ጋር ናት!»

ሃድሊ እንደገና ሞከረች፤ ብስኩት እንደገና ቆመች። ያኔ አለንጋው ታፋዋ ላይ አረፈ። «ይቺን አህያ ከየት አመጧት?» አለ ከመቀመጫው አንድ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሰዎቹም የባሰ ሳቁ። ብስኩት ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አስተኝታ ዓይኗን በየአቅጣጫው ታንከራትታለች፤ ማሪሴላን ነበር የምትፈልገው። አለንጋው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ የማሪሴላ አፍ በራሱ ተከፈተ።

«ዝፈኚላት!» ብላ ጮኸች።

«ምን?»

«ግድግዳ ትፈራለች! ዝፈኚላት!»

«ምን ልዝፈን?»

«ያገኘሽውን!»

ዊኒ ከወዲያ ማዶ፣ «አብደሻል እንዴ?» አለች።

ሃድሊ አለንጋውን አወረደች። የመጣላት የኮሌጇ መዝሙር ነው፣ ያ «ድል የእኛ ነው» ምናምን የሚለው፤ ድምጿም አይጣል ነው። ብስኩት ግን ጆሮዎቿን አቆመች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማታል! ግድግዳውን እየታከከች ሸመጠጠች፣ ሃድሊ እየዘፈነች ኳሱን መታችው፣ ጎል ገባ፣ የማብቂያው ደወል ተደወለ። ዋንጫው ሄደ።

አሰልጣኛቸው ኮራ ማሪሴላን የጠበቀቻት የሜዳው በር ላይ ነው።

«ለምን ጠዋት አልነገርሻትም?»

«ማሸነፍ ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ ኋላ ለምን ነገርሻት?»

«ብስኩት ላይ ሳቁባት፣ መቷት። አልቻልኩም፣ አሰልጣኝ።» እንባዋ መጣ።

«የጠዋቱን እንዳትደግሚው» አለች አሰልጣኟ። ከዚያ ትከሻዋን ቸብ አድርጋት ሄደች።

የውድድሩ ምርጥ ፈረስ የሚለብሰውን ካባ ለብስኩት ያለበሷት ዳኞቹ ናቸው፤ የለመነችላት ግን ሃድሊ ነች። ካባውን ስታስተካክልላት ማሪሴላን በጎን አየቻት። «ሌላ የደበቅሽኝ አለ?»

«ካሮት ስትበላ ጣት ትነክሳለች።»

ሃድሊ በፋሻ የታሰረ ጣቷን አሳየቻት። «እሱንስ ደርሼበታለሁ።» ሁለቱም ሳቁ፤ ሱሪዋም ለአንድ ቀን እንኳ ቆሽሾ ነበር።

ማታ ማሪሴላ ብስኩትን ወደ ማጓጓዣው መኪና ለማስገባት የጎማ ሱቁን ዘፈን ብትዘፍንላት ባዝራዋ ንቅንቅ አልል አለች። ማሪሴላ ደግማ ዘፈነች። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ግራ ቀኝ ተመልክታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሬድፊልድን መዝሙር ጀመረች። ብስኩት ካባዋን እየጎተተች ሰተት ብላ ገባች።

ከኋላ እያኮረፈች የቆመችው ዊኒ በረዶ ያለበትን ሻይዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ማሪሴላ ስትመረቅ፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ብስኩትን የምትጋልበው እሷ ናት።

«እኔ ይህን መዝሙር ልዝፈን?» አለች።

«ምን ታደርጊዋለሽ።»

ዊኒ መጥታ የማጓጓዣው ደረጃ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። «እሺ፣ ሌላስ?»

ማሪሴላ ስለ ብስኩት የምታውቀውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።